የጆሮ ወዳጅ

ሰኞ፣ 3

የፍርድ ቤቱ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። «ከዛሬ ጀምሮ አዲስ ክስ የሚቀርበው በስልክ በሚሞላ ፎርም ነው። መሙላት የማይችል ሰው በአራት ቁጥር መስኮት በነፃ ይታገዛል።» በነፃ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከዚህ በር ፊት ለፊት፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ የሰው አቤቱታ ስጽፍ የኖርኩ ሰውዬ በአንዲት ወረቀት ተሰናበትኩ። ወረቀቷ ላይ ደግሞ ሁለት የፊደል ስህተት አለ። ሰው መሰናበት ካልቀረለት በትክክል በተጻፈ ወረቀት ቢሰናበት ምን ነበር?

ከጎኔ የሚቀመጠው ማኅተም ቀራጭ (ሰዉ ሁሉ «ማኅተሜ» ነው የሚለው) አንብቦ ሲያበቃ፣ «አይዞህ፣ መቃብር ላይም እኮ የሚጻፍ አለ» አለኝ። ማጽናናቱ ነው እንግዲህ። ቀኑን ሙሉ ዝንብ እሽ ስል ዋልኩ።

ማክሰኞ፣ 4

ዛሬ የመጡት እማማ አዋላጅ ብቻ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ የሰፈሩ ሰው ግማሹ ግን የተወለደው በሳቸው እጅ ነው። እኔም ጭምር። «ስትወለድ ጀምሮ ጯሂ ነበርክ» ይሉኛል በየጊዜው፣ ሰው ባለበት።

ጎረቤታቸው ማድ ቤታቸው መስኮት ፊት ግንብ እያቆመባቸው ነው። ቤታቸው ያለው መስኮት ደግሞ ያ አንዱ ነው። ግንቡ ካለቀ በቀትርም መብራት ሊያበሩ ነው። ክሱን የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ፤ ቀጠሮው የዛሬ ሦስት ሳምንት ነው።

ጆሯቸው ደክሟል። «ቀጠሮው ሃያ አምስት ነው!» ብዬ ስጮህ ዘበኛው ከጎጆው ብቅ ብሎ «ሰምተናል!» አለኝ።

«ልጄ፣ ዳኛዋ የሚሉትን እንዴት ልሰማ ነው?» አሉኝ። «ሰው ሲስቅ አብሬ እስቃለሁ፣ ምን እንዳሳቀኝ ግን አላውቅም። ሲያዝኑ ደግሞ ዘግይቼ ነው የማዝነው። ይህንንም ጻፍልኝ።»

ጻፍኩላቸው። ሰው ያልነገረኝን አልጽፍም፤ የነገረኝንም አላስቀርም። በዚህ በር የሚታወቀው ስሜ ይኸው ነው፤ ሌላ የረባ ነገር የለኝም።

ዓርብ፣ 7

ባለቤቴ ፀጉር ቤት ነው የምትሠራው። ማታ እግሯን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ነክራ፣ «ተቀምጠህ ከምትተክዝ ስልክህን እንኳ ነካ ነካ አታደርግም?» አለችኝ። ነካ ነካ ሳደርግ ቪዲዮ ላይ አንድ የኦንላይን ንግድ አሠልጣኝ አገኘሁ።

ጥርሱ ብዛቱ! «ሳትነግድ ነጋዴ፣ ሳታመርት ባለሀብት!» ይላል እየዘለለ። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ትልቅ የኦንላይን መደብር ላይ ትመዘገባለህ። ያንተ ብቻ የሆነ ሊንክ ይሰጡሃል። ስለ ዕቃው ጥሩ ጥሩውን ትጽፍና ሊንኩን ከሥሩ ታስቀምጣለህ። ሰው በሱ ገብቶ ከገዛ ኮሚሽን ታገኛለህ። ዕቃውን አትሸከም፣ አታስቀምጥ፣ አታይ።

«ደላላ በለው በቃ» አለች ባለቤቴ።

«ደላላማ ቤቱን ገብቶ ያየዋል» አልኩ። ለመሟገት ያልኩት ነገር ለሷ የሚመሰክር ሆኖ አረፈው።

የመደብሩ ውል «ተባባሪ ሻጭ» ብሎ ይጠራኛል። በኔ ሙያ ተባባሪ የሚባለው ሌባው ሲገባ በር ላይ የሚቆመው ነው። ይሁን። ተመዘገብኩ።

እሑድ፣ 9

አሠልጣኙ «የምታውቀውን ዘርፍ ምረጥ» ይላል። የማውቀው ክስ ነው። ክስ የሚሸጥ መደብር ፈለግሁ፣ የለም።

ከዚያ በራልኝ። ቀኑን ሙሉ የምጮኸው ለማን ነው? ከደንበኞቼ እኩሌታው አይሰማም። የጆሮ መስሚያ! መደብሩ ውስጥ አንዲት ባቄላ የምታክል፣ ኮሚሽኗ ደኅና የሆነ አገኘሁ። የብዕር ስም ያስፈልጋል ተባለ። «የጆሮ ወዳጅ» አልኩ። ባለቤቴ ስትሰማ ሻዩ ትን ብሏት እንባዋ እስኪወርድ ሳለች። ሳሉ ሲለቃት ደግሞ ሳቁ ያዛት።

ረቡዕ፣ 12

የመጀመሪያ ጽሑፌ በከፈትኩት ገጽ ላይ ወጣ። እዚህ ልገልብጠው፣ ለታሪክ።

«ጉዳዩ፦ የጆሮ መስሚያ መግዛትን ይመለከታል። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ የመስማት አቅምዎ የተዳከመ ከሆነ፣ ከዚህ በታች በተመለከተው ሊንክ ገብተው እንዲገዙ እያመለከትኩ፣ ለሚደረግልኝ ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ።»

ሊንኩ ዘጠኝ ጊዜ ተነክቷል። ደስ ብሎኝ ለማኅተሜ ባሳየው፣ «ዘጠኙንም የነካኸው አንተ ነህ» አለኝ። እውነቱን ነው። መደብሩም ደርሶበት «የራስዎን ሊንክ እየነካኩ ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ላከልኝ። በዚህ ዕድሜዬ «አትነካካ» ተባልኩ።

ቅዳሜ፣ 15

ባለቤቴ ጽሑፉን አንብባ፣ «ይሄን ያነበበ ሰው መስሚያ አይገዛም፣ ጠበቃ ነው የሚይዘው። ሰው እንደሚያወራ አድርገህ ጻፈው እንጂ» አለች። አሠልጣኙም ተመሳሳይ ነገር ይላል፤ «ሞክሬዋለሁ በል! ሰው የሚያምነው የሞከረን ነው!»

ተቀመጥኩና ጻፍኩ። ሳላስበው ወረደልኝ።

«ጆሮዬ ከደከመ ቆይቷል። ሰው ሲስቅ አብሬ እስቅ ነበር፣ ምን እንዳሳቀኝ ግን አላውቅም። ሲያዝኑም ዘግይቼ ነበር የማዝነው። ይህችን መስሚያ ራሴ ሞክሬ ካየኋት ወዲህ የቧንቧ ጠብታ እንኳ አያመልጠኝም።»

ውሉ «ከሽያጩ ኮሚሽን የማገኝ መሆኔን ከጽሑፉ ሥር እገልጻለሁ» የሚል አንቀጽ አለው። ጻፍኩትና ሳየው የጽሑፉን ውበት ገደለብኝ። አወጣሁት።

«ራሴ ሞክሬ» የምትለዋ ትንሽ ኮሰኮሰችኝ። ግን አስቤበታለሁ። እዚህ ላይ ደንበኛውም እኔ፣ ጸሐፊውም እኔ ነኝ። ደንበኛው የነገረኝን ጻፍኩ። ደንበኛው ቢዋሽ ጸሐፊው ምን ያድርግ? በሕግ ያስኬዳል።

ሰኞ፣ 17

ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ነክቶታል! እኔ የለሁበትም! አንዷ «አስለቀስከኝ» ብላ ጽፋለች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ያለቀሰልኝ ዳኛ የለም።

ማኅተሜን ላሳየው ብዬ ተውኩት። አፉ አያርፍም።

ሐሙስ፣ 20

ተሸጠ!! አንድ።

ማን እንደገዛ አይነግሩም፣ «1» ብቻ ነው የሚለው። ባለቤቴ «ኮሚሽኑ አንድ ፀጉር አያሳጥብም» አለች። ታሹፍ። እኔ እንደሆን ቀኑን ሙሉ «1» ስል ዋልኩ። የገዛው ሰው አሁን ይሄኔ የልጅ ልጁን ድምፅ እየሰማ ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ ደግ ሥራ የሠራሁ ያህል ተሰማኝ።

ሰኞ፣ 24

እማማ አዋላጅ ለነገው ቀጠሮ ወረቀታቸውን ሊወስዱ መጡ። ጎንበስ ሲሉ ግራ ጆሯቸው ላይ ባቄላ አየሁ። ያችው!

«ይሄን ከየት አመጡት?» አልኩ፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው።

«የእህቴ ልጅ በስልክ አስነብባኝ ነው። የጻፈው ሰው እንዴት ያለ ጎበዝ መሰለህ! ልክ የሆዴን አውቆ ነው የጻፈው» አሉና ትክ ብለው አዩኝ። ዓይናቸው ደኅና ነው እንጂ፣ እንዴት ያያል!

ኩራቱ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። እኔ ነኝ ልላቸው ነበር። ግን ኮሚሽን መቀበሌን ሲሰሙ ምን ይላሉ? ወረቀታቸውን አቀበልኳቸው።

መስሚያዋ ታፏጫለች፤ ከጠረጴዛው ተሻግሮ ይሰማል። ማኅተሜ «ወፍ ገባ እንዴ?» ብሎ ቆርቆሮውን አንጋጦ ፈለገ።

«ተስማምቶዎታል?» አልኳቸው ጮክ ብዬ።

ጆሯቸውን ዳሰስ አድርገው «አዎ» አሉኝ። «ተስማምቶኛል። ሰዉም ሁሉ እሱን ነው የሚጠይቀኝ።»

ይኸው፣ ከራሳቸው አፍ። ፉጨቱም ሲለመድ ይተው ይሆናል።

ማክሰኞ፣ 25

በጥድፊያ ነው የምጽፈው። ጸሐፊ ወደ ችሎት አይገባም፤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። እማማ ፊት ወንበር ላይ። ፉጨቱ እስከ በሩ። ዳኛዋ ጆሯቸውን አይተው ፈገግ አሉ፤ የሆነ ነገር ጠየቁ። እማማ ዞር ብለው እኔን አዩ። እኔን ለምን እንደሚያዩኝ እንጃ። ከዚያ ጮክ ብለው «አዎ! እግዜር ይስጥልኝ!» አሉ።

መዝገቡ ተዘጋ። ባለ ግንቡ ጎረቤት ጠበቃውን አቀፈው። ከጎረቤቴ ጋር ተስማምቻለሁ ብለው ቃላቸውን ሰጡ ነው የሚባለው።

ተስማሙ? መቼ? ለኔ ሳይነግሩኝ? ቅር ብሎኛል።

ዓርብ፣ 28

ግንቡ የመስኮቱን ግማሽ አለፈ። በዚያ ማለፍ ስለነበረብኝ አየሁት እንጂ ለማየት ብዬ አልሄድኩም። ማኅተሜ «አሮጊቷ በገዛ አፋቸው መስኮታቸውን ደፈኑት» አለ። «ዕድሜ ነው» አልኩት።

ሁለት ተጨማሪ ሽያጭ። አንድ ገዢ ከጽሑፌ ሥር «ያፏጫል፣ አንድም ቃል አልሰማሁበትም» ብሎ ጻፈ። አጠፋሁት። የፊደል ስህተት ነበረበት።

አልነበረበትም። ብዕሬ ዝም ብሎ ነው የጻፈው።

ሰኞ፣ 1

ዛሬ የሆነውን ሳላሳጥር ልጻፈው።

እማማ መጡ። መስሚያዋ ጆሯቸው ላይ የለችም፤ በመሀረብ ጠቅልለው አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሯት። «ቃሌ ይስተካከልልኝ ብለህ ጻፍ» አሉኝ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው አስጻፉኝ። እንደወረደ ይኸው፦

«ዳኛዋ ሲናገሩ መስሚያው ያፏጭ ስለነበር የያዝኩት የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ነው። ጆሮዬን እያዩ 'ተስማምቶዎታል?' ያሉኝ መሰለኝ። አዎ አልኩ። ለካስ ያሉት 'ከጎረቤትዎ ጋር ተስማምተዋል?' ነው። እኔ ከዚያ ሰውዬ ጋር አልተስማማሁም። መስሚያውም አልተስማማኝም።»

እጄን ከጽሕፈት መኪናዬ ላይ አነሣሁ። እዚያ ላይ ዝም ብል ምን ነበር? መጠየቅ የማይገባውን መጠየቅ መቼም የኔ ነው።

«ካልተስማማዎት ታዲያ ለምን አዎ አሉ?» ብዬ ጮህኩ።

«የጻፈው ሰው በሩ ላይ ቆሞ እያየኝ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አልተስማማኝም ልበል? ይሉኝታ የለኝም እንዴ?»

ማኅተሜ የሚቀርጸው ጎማ ከእጁ ወደቀ።

«እኔ መሆኔን መቼ አወቁ?»

«ገና ሳነበው ነዋ! ሰው ሲስቅ አብሬ እስቃለሁ ያልኩት ላንተ ነው። ካንተ በቀር ለማንም አልነገርኩም። ለዳኛ ጻፍልኝ ብዬ የነገርኩህን ገበያ አወጣኸው። ያም ይሁን። እኔ የገዛሁት አንተ ሞክረኸው ከሆነ ደኅና ነው ብዬ ነው።» መሀረቡን ወደኔ ገፋ አድርገው፣ «አዝኜልህም ነበር» አሉ። «ሁልጊዜ ስትጮህ ነው የምሰማህ። ለካ ልጁም አይሰማም፣ አፍሮ ነው ሳይነግረኝ የቀረ አልኩ።»

አለመቆጣታቸው ነው የገደለኝ። ቢቆጡኝ እኮ መልስ አላጣም ነበር። አፈርኩ፤ ሌላ ቃል የለውም። አንገቴን ደፍቼ የቁልፎቹን ፊደል አንድ በአንድ ሳነብ ቆየሁ።

«በል ይህንንም ጨምርበት» አሉኝ።

«የቱን?»

«የጻፈው ሰው በር ላይ ቆሞ ስለነበር ነው አዎ ያልኩት የሚለውን። ከነስሙ።»

«ስሙ የግድ ነው?»

«ስሙን ካልነገርኳቸው ዳኛዋ ምን ብለው ያምኑኛል? ግራ የገባት አሮጊት ናት ብለው ነው የሚመልሱኝ» አሉና ተነሡ። «ነገ መጥቼ እፈርማለሁ።»

ማክሰኞ፣ 2

«አንድ ግለሰብ» ብዬ ጻፍኩ። አጠፋሁት። «ማንነቱ ለጊዜው ያልታወቀ» ብዬ ጻፍኩ። ባለቤቴ በትከሻዬ በኩል አነበበችና፣ «ማንነቱ ላንተ ነው ያልታወቀው» ብላ ሄደች።

ይህ ወረቀት በችሎት ይነበባል። በሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ይሰማል። ከዚያ በኋላ «እሱ ያልነገሩትን አይጽፍም» የሚለኝ ማን ይኖራል? አራት ቁጥር መስኮት ያላባረረብኝን ደንበኛ ይህች አንቀጽ ታባርርልኛለች። ደግሞ ማንም አላስገደዳቸውም፣ ራሳቸው ናቸው አዎ ያሉት። ይህን ዓይኔን በጨው አጥቤ አሰብኩ እንጂ አልጻፍኩትም ልል ነበር፤ ይኸው ጻፍኩት።

ረፋዱ ላይ ሊመጡ የነበሩት ቀሩ። አምስት ሰዓት ሲሆን ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ውጭ ፀሐይ አናት ይበሳል። በሩን ባንኳኳ አይሰሙ፤ ገፍቼ ገባሁ። እማማ ማድ ቤት ውስጥ መብራት አብርተው ድንች ይልጣሉ። በመስኮቱ ላይኛው በኩል አንድ ስንዝር የማይሞላ ብርሃን ቀርቷል፤ እሱም ጣሪያው ላይ ነው ያረፈው። ከግንቡ ወዲያ ሠራተኞቹ ሲሚንቶ አቀብለኝ እየተባባሉ ይሳሳቃሉ።

እማማ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው አብረው ሳቁ።

እዚያው ቆሜ፣ ስልኬ ላይ ገልብጬ በያዝኩት ማመልከቻ ውስጥ ስሜን ከነአያቴ ጻፍኩት።

ረቡዕ፣ 3

ማመልከቻው እማማ ፈርመውበት ገባ። «የጆሮ ወዳጅ በሚል የብዕር ስም የጻፈው፣ ይህን ማመልከቻም የጻፈው ሰው ነው» ይላል። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ አንብባ ቀና አለች፣ ድጋሚ አነበበች፣ ድጋሚ ቀና አለች። «እኔ ጸሐፊው የት ነው የምፈርመው?» አልኳት እንዳላየ።

ገጼንም ከፍቼ አዲስ ጻፍኩ። «መስሚያውን አልሞከርኩትም። ጆሮዬ ደኅና ነው። ከያንዳንዱ ሽያጭ ኮሚሽን አገኝ ነበር፤ አልነገርኳችሁም። የገዛችሁ መልሱት፣ ያፏጫል።» ከጻፍኳቸው ሁሉ ብዙ ሰው ያነበበው ይህንን ነው። መደብሩ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከተባባሪነት ሰረዘኝ። አሠልጣኙ እስካሁን ይዘልላል።

ዓርብ፣ 5

ሁለት የቆዩ ደንበኞቼ ሰላም ሳይሉኝ አልፈው አራት ቁጥር መስኮት ተሰለፉ። ማኅተሜ አንድም ቃል አላለኝም። እሱ ዝም ሲል ነው ነገሩ ከባድ መሆኑን የማውቀው።

ሐሙስ፣ 11

ዋናውን አስቀድሜ ልጻፈው። የእማማ ቃል ተስተካክሏል፣ መዝገቡ ተከፍቷል፣ ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ መስኮቱን የጋረደው ብሎኬት እንዲነሣ ታዟል። ይህ ሳይጻፍ ሌላው አይጻፍም።

ዛሬ በር ላይ አልቆምኩም። እማማ ዘበኛውን «ጆሮዬ እሱ ነው፣ ወደ ጎን በል» ብለው አስገቡኝ። ከጎናቸው ተቀምጬ ችሎቱ የሚለውን ሁሉ በትልልቅ ፊደል እየጻፍኩ አሳያቸዋለሁ። ማመልከቻው ጮክ ተብሎ ተነበበ። ስሜ ጋ ሲደርሱ እሱንም ጻፍኩላቸው፤ እንደማያውቁት።

የጎረቤትየው ጠበቃ ተነሣ። «ክብርት ዳኛ፣ ይህ ሰው ለኮሚሽን ሲል የሚዋሽ ተራ አጭበርባሪ ነው። ዛሬስ ምን ብለን እንመነው?» አለ። እሱንም «ተራ አጭበርባሪ» ብዬ ጻፍኩ። እማማ አንብበው ራሳቸውን ነቀነቁ። በመስማማት ይሁን በማዘን አልጠየቅኋቸውም።

ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው ወደኔ ዞሩ። «ሞክሬዋለሁ ብለህ የጻፍከው አንተ ነህ? ሞክረኸው ነበር?»

ጥያቄውን ጻፍኩ፣ ለእማማ አሳየሁ። ከዚያ ተነሥቼ ቆምኩ።

«አልሞከርኩትም» አልኩ። በር ላይ የምጮኸው ሰውዬ ዛሬ በሹክሹክታ ተናገርኩ።

«ምን አለ?» አሉ እማማ፣ አዳራሹን ሙሉ በሚሰማ ድምፅ።

ጻፍኩ፦ አልሞከርኩትም።

«አይታየኝም! ተለቅ አድርገህ ጻፈው!»

ከኋላ ሳቅ ተነሣ። አዲስ ገጽ ገለጥኩና ከዳር እስከ ዳር፣ ገጹ እስኪሞላ ጻፍኩት። እማማ ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱ፤ ራቅ አድርገው ቀስ ብለው አነበቡት። ከዚያ ተነሡና መጀመሪያ ወደ ዳኛዋ፣ ቀጥሎ ወደ ጠበቃው፣ በመጨረሻም ከኋላ ወደሚስቀው ሕዝብ አዞሩት።

«ይኸው» አሉ። «ሁላችሁም ሰማችሁ?»